ከአሮጌው ሃርድ ቶፕ ጋር የሚሸጥ ቁጠባ

ጋሼ የምላቸው መካኒኬ ብሎኖቹን ፈትተው የቴርሞስታቱን ቤት ወደ ብርሃን አዘንብለው አሳዩኝ። «ይኸውልህ» አሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አይታየኝም አልኳቸው። «እሱን እኮ ነው የምልህ። ምንም የለም። መኖር የነበረበት ዕቃ የለም» ብለው ሳቁ። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስንወጣ ጌጁ ቀዩን አልፎ፣ ኮፈኑ ሥር እንደ ጀበና እየተንፈቀፈቀ፣ እኔና ባለቤቴ ጎማው ሥር ድንጋይ ወትፈን አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ቆመናል። ራዲያተሩን ጠርጥሬ ነበር። ውሃ ፓምፑን ጠርጥሬ ነበር። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብዬም ስንት ብር እንደሚያስወጣኝ ሳሰላ ነው ያደርኩት። የጠፋው በመዳፍ የሚያዝ፣ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ በርካሽነቱ ከሚታወቁት አንዱ ነበር።

ማን አወጣው? ከእኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች አንዱ፣ ወይም የእሱ መካኒክ። ዕቃው ሲደርቅ አዲስ ገዝቶ ከመግጠም ነቅሎ መጣል ይቀላል። «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» የሚለው እምነት ደግሞ በየጋራዡ ሥር ሰዷል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግቶ፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ሌላም ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተሩ ሲከፍት፣ በታችኛው ጎኑ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ዕቃው ከወጣ አቋራጩ ዘወትር ክፍት ነው። ከተማ ውስጥ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ናፍጣ ሲበላ ይውላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። በዚያ ላይ የእኛ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ወደ ላይ የሚገፋው የራዲያተር ክዳን ነው። የእኔው መኪና ክዳን ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር የተዘጋው። ይህም ቁጠባ ነው።

ያን ቀን ጋሼ ጋራዥ ውስጥ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጬ የገባኝን ነው ዛሬ የምጽፈው። አሮጌ ፎር ዊል የሚገዛ ሰው ብረት የሚገዛ ይመስለዋል። የሚገዛው ግን ከእሱ በፊት የነዱት ሰዎች የቆጠቡትን ነው። እነሱ ያልገዙት ዕቃ፣ ያልቀየሩት ዘይት፣ በሽቦ ያሠሩት፣ በስቱኮ የደፈኑት፣ «ለጊዜው» ብለው የተውት ሁሉ ተጠራቅሞ ከሊብሬው ጋር ይተላለፋል። የመኪናው ዕድሜ እምብዛም አያስፈራኝም። የሠላሳ ዓመት ላንድ ክሩዘር ከአሥር ዓመቱ የተሻለ ሆኖ አይቻለሁ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደተቆጠበበት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከመኪና ወዳዶች ጨዋታ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመጀመሪያው እርምጃ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር የታሰበው፣ በዚህ በኩል ዓላማውን አሳክቷል። አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ዋጋው ሽቅብ ወጣ። በሌላው ዓለም መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል፣ እኛ ዘንድ ግን እንደ ቦታ ይቀመጣል። ሻጩ «ስትጠላው በገዛህበት ትሸጠዋለህ» የሚልህ ዝም ብሎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ቢጠገንም ባይጠገንም ዋጋው የማይወርድ ዕቃ ላይ ማን ገንዘብ ያወጣል? ባለቤቱ ሳይጠግን ነድቶ፣ ሳይጠግን አትርፎ ይሸጣል። ገበያው ራሱ ለቁጠባው ይከፍለዋል።

እንግዲህ ስለምን መኪና እንደማወራ ልናገር። ኤሌክትሪኩና የቤት አውቶሞቢሉ ለሌላ ቀን ይቆየኝና፣ እዚህ የያዝኩት ኮረኮንች፣ ጭቃና ወንዝ የሚያልፈውን ነው። በዚህ በኩል ላንድ ሮቨርም ዋዝም የየራሳቸው ዘመን ነበራቸው፣ መንገዱ ግን በመጨረሻ የቶዮታ ሆኗል። ቶዮታ የመጀመሪያውን ጂፕ መሳይ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም በ1954 ሰጠው። እኛ ሃርድ ቶፕ የምንለው ረጅሙ መኪና የ70 ተከታታይ ቤተሰብ ነው፤ ይህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ወጥቶ እስከ ዛሬ እየተሠራ ነው። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ያነበበ ሰው ብዙ ይማራል። «ኤች ዜድ ጄ 75» የሚል ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ሞተሩን፣ «ጄ» ላንድ ክሩዘርነቱን፣ ቁጥሩ ደግሞ ቤተሰቡን ይናገራሉ። «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያለ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። የናፍጣ ፖምፓው በሜካኒክ እንጂ በኮምፒውተር አይታዘዝም። ናፍጣ፣ አየርና የሚያስነሳ ባትሪ ካገኘ ይሄዳል። ቀርፋፋ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያለችውም ጉልበት ትቀንሳለች። የገጠር መካኒክ ግን በእጁ ባሉ ቁልፎች ፈትቶ ይገጥመዋል። ከእሱ በኋላ የመጡትና እኛ «ዲ ፎር ዲ» የምንላቸው የኮመን ሬል ሞተሮች የበለጠ ጉልበት፣ ያነሰ ናፍጣ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን በበርሜል የተቀመጠ፣ ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተራቸውን ሲጎዳው ሂሳቡ አንገት ያስደፋል።

ሃርድ ቶፑን ካገራችን ጋር ያስተዋወቁት በአመዛኙ የእርዳታ ድርጅቶችና የጤና አምቡላንሶች ናቸው። ዛሬ ነጭ ሃርድ ቶፕ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ጠዋት ፀሐይዋ ዘመም ባለችበት ሰዓት በሩን በጎን ይመልከት። የተላጠ የድርጅት ምልክት ጥላ ቀለሙ ላይ ቀርቶ ይታያል፤ ምልክቱ የሸፈነው ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ነጭ ነው። የፊት መከላከያው ላይ ደግሞ የሬዲዮ አንቴና የታሠረበት ቀዳዳ ይኖራል። እኔ እነዚህን ሳይ ደስ ይለኛል። መኪናው በቁጥር የተመደበ ሾፌር፣ የተሞላ የጉዞ ደብተር፣ በኪሎ ሜትር የተቆጠረ ሰርቪስ የነበረው መሆኑን ይጠቁሙኛል። ችግሩ ከድርጅቱ እስከ እኔ ድረስ ስንት እጅ መሃል ገብቷል የሚለው ነው። የእኔው መኪና አንቴና ቀዳዳ ነበረው። ከዚያ በኋላ ሦስት ባለቤት አልፎበታል፣ ቴርሞስታቱ የወጣውም በእነሱ እጅ ይመስለኛል።

መኪናውን ለማየት ሲሄዱ ቀጠሮውን ለጠዋት ያድርጉ፣ ሻጩንም «ሳላይ እንዳታስነሳው» ይበሉት። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ካለ «አሁን ውሃ ላመጣ ወጥቼ ነው» ይባላሉ። ይመኑ አይመኑ የእርስዎ ፋንታ ነው፣ እኔ ግን ቀጠሮ ለሌላ ቀን እለውጣለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚታይ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ካልተወ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ፋሻው አልቋል ወይም የቫልቭ ጎማው ደርቋል። ጥቁር ጭስ በዚህ ከፍታ ትንሽ ይፈቀድለታል፣ ብዙ ከሆነ ግን ጉልበት ፈልጎ የፖምፓውን ቪት ያጠበቀ ሰው አለ ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው በአፉ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደግ ነው። እየዘለለ ከወደቀ ግፊቱ በፒስተኖቹ አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ያኔ ዋጋ መከራከር ሳይሆን ሻይ ጠጥቶ መሰናበት ነው።

ብዙ ገዥ ግን እዚያው ሞተሩ ላይ ይቀራል። እኔም ቀርቼ ነበር። ጋሼ ሞተሩን በሁለት ደቂቃ አዳምጠው ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈው ገቡና ግማሽ ሰዓት አልወጡም። መጀመሪያ ያዩት ባሌስትራውን ነው። ፋብሪካው ከሰጠው ላይ ሁለት ቅጠል ተጨምሮበታል። ይህን አገራችን ውስጥ ያላደረገ ጭነት ጫኝ የለም ማለት ይቻላል፤ መኪናው ከኋላ አይቀመጥም፣ ብዙ ያነሳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። የሚከተለውን ግን ልብ የሚል የለም። ከኋላው አክስል ወደ ሻንሲው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ የፍሬን ቫልቭ ላይ የታሠረች ናት። ሥራዋ መኪናው ሲጫን ወደ ታች መቀመጡን አይታ ለኋላ ጎማዎች ፍሬን መጨመር፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ መቀነስ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ የኋላው ከፍ ሲል ዘንጓ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብላ ታምናለች። አንድ ቶን ጭነው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርዱ የኋላው ፍሬን ሥራውን በግማሽ ልብ ይሠራል፣ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ላይ ይወድቃል። ያ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ነው። ፍሬኑ ይግላል፤ ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሾፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ፍሬኑ እምቢ ያለው ግን ቁልቁለቱ ላይ አይደለም፣ ባሌስትራው የተጨመረ ዕለት ነው።

ድርብ ባሌስትራ ሌላም ዕዳ አለው። ያላጠፈው ግርፋት ወደ ሻንሲው ይሄዳል። የመሪ ሳጥኑ የታሠረበትንና የኋላ ባሌስትራ የሚይዙትን ጆሮዎች በፋኖስ ማየት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ስንጥቅ መፈለግ ያስፈልጋል። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር የተቀባ መኪና ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ፤ የሻንሲን ውበት ማን ያያል ብሎ ነው ቀለም የሚያባክን? የደጋችን አየር በዚህ በኩል ደግ ነው፣ በረዶ የለም፣ መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስም፣ ስለዚህ እዚሁ ያረጀ ሻንሲ ብዙ ጊዜ ከዝገት ንጹሕ ነው። ከአውሮፓ ያገለገለ የመጣ ወይም አፋር ጨው ላይ ሲመላለስ የኖረ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያሉትን ትልልቅ የብረት ኳሶች ደግሞ አይርሱ። ኳሱ ውጭው ላይ ስስ የግሪስ ጥላ ቢኖርበት ጤና ነው። እንደ ቀጠነ አብሽ የወረደ ግራጫ ፈሳሽ ካለ ግን ከዲፈረንሻሉ ዘይት እያለፈ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ጎማውን በጃክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቁት ኩሽኔታው መላላቱም ይሰማል። መኪናው አስፋልት ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሪው በድንገት የሚርገፈገፈው ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተነሳ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን ቆሻሻና አሰልቺ ስለሆነ ሁሉም ለሚቀጥለው ይተወዋል። የፊት ጎማውን ሎክ አስሮ፣ ፎር ዊሉን አስገብቶ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ መሞከርም ግድ ነው። «አዎ ይሠራል» የተባለ፣ ለአምስት ዓመት ግን ማንም ያልነካው ፎር ዊል ስንት አለ! የኔ ነገር፣ ገዝቼ ከወሰድኩት በኋላ ነው የቀኙ ሎክ ውስጡ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት። አስፋልት ላይ ግን አይሞክሩት፤ በእነዚህ መኪኖች የፊትና የኋላው አክስል እኩል እንዲዞሩ ተጠፍረው ስለሚታሠሩ ደረቅ መንገድ ላይ ካምቢዮውን ያስጨንቃል።

ወረቀትም ይቆጠብበታል። የስም ማዘዋወሪያውን ወጪ ሽሽት መኪና በውክልና ብቻ ሲሸጥ፣ ሲገዛ፣ እንደገና ሲሸጥ ይኖራል። ውክልና ደግሞ ከሰጪው ሞት አያልፍም። አራተኛው ገዥ የማያውቀው ሰው ሲያርፍ ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ሞተር የተቀየረለት መኪናም እንዲሁ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው ካልተገናኙ ስም ማዘዋወሩ ይቆማል። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመቶ ይገኛል፣ ጭቃውን ጠርገው ራስዎ ያንብቡት። ከድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳየውን ማስረጃ፣ ከየትም የመጣ ከሆነ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ቀብድ ሳይሰጡ ያረጋግጡ።

የት ይገዛል ለሚለኝ፣ ጨረታ ይሻላል እላለሁ፣ ልብ ላለው። ጋዜጣ ላይ «ተሽከርካሪዎቹ ባሉበት ሁኔታ ይሸጣሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ያስፈራል። እኔን ያስደስተኛል፣ ምክንያቱም ሐቀኛ ነው። ድርጅቱ መኪናውን ለሽያጭ ብሎ አላሳመረውም፤ የሞተው ባትሪ እንደሞተ፣ የተሰበረው መስታወት እንደተሰበረ ቆሞ ያዩታል። ደላላ ቤት የሚያዩት መኪና ታጥቦ፣ ሞተሩ በናፍጣ ተወልውሎ፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሶ ነው። ጨረታው ግን ማስነሳትና መንዳት አይፈቅድም ብዙ ጊዜ፣ የሲፒኦ ገንዘብም ይዞ ያቆያል፤ ስለዚህ መካኒክ ይዞ መሄድ ነው። ለጋሼ የከፈልኩት የግማሽ ቀን ዋጋ በሁለተኛው ግዢዬ ላይ ከከፈልኩት ሁሉ ምርጡ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ «ምን ያደርጉልኛል» ብዬ ቆጥቤው ነበር፤ ደጀን ዳገት ላይ ተመለሰልኝ።

ከተገዛ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የመርካቶው ሶማሌ ተራ ነው። መርካቶን የማያውቅ ሰው እዚያ መጀመሪያ ሲገባ ቋንቋ የጠፋው ይመስለዋል፤ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ክሮቸራ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲሄድ ጋራዡን በቃላት ሞልቶት ሄደ፣ እኛም ለጃፓን መኪና እንጠቀምባቸዋለን። ሻጩ «ኦሪጅናል፣ የታይዋን፣ የቻይና» ብሎ ሦስት ዋጋ ይጠራል። የእኔ ልምድ እንዲህ ነው። በር፣ መብራት፣ ስፖኪዮ የመሳሰለውን ርካሹን ይግዙ፣ አይገድልም። የተሰረቀ ስፖኪዮህን እዚያው መልሰህ ትገዛለህ የሚለው የቆየ ቀልድ እንዳለ ሆኖ። ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል ከአዲስ ግልባጭ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ላስቲክና ቺንጋ የሆነውን፣ ማለትም የፍሬን ጎማ፣ የውሃ ቱቦና ታይሚንግ ቤልት፣ ግን ያገለገለ አይገዛም፣ ግልባጭም አይገዛም። በ1 ኤች ዜድ ላይ ታይሚንግ ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው፣ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መኪናው ራሱ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። ይሁንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ በተመለሰበት፣ ወይም አምፖሏ በተነቀለችበት መኪና ላይ መብራቱን መጠበቅ ቂልነት ነው። የገዙ ዕለት ይቀይሩት፣ በመስኮቱም ላይ ቀኑን ይጻፉ።

ሞተሩ በአንድ ቅያሪ ወደ 10 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ የቤት መኪና ሁለት ጊዜ የሚቀይርበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ባለቤቱ የሚፈተነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መሆን የነበረበት 8,000፣ ከዚያ 10,000 ይሆናል፣ ፊልትሮውም «ገና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወንዝ ያቋረጠ ሰው በማግስቱ የክሮቸራዎቹን ግሪስ ማስገፋት፣ የዲፈረንሻሉን ዘይት ወተት አለመምሰሉን ማየት አለበት። አቧራ የበላ አየር ማጣሪያ ሳይቀየር ከሚነዳ መኪና ይልቅ ቆሞ የሚያድር ይሻላል። ጎማ የሚገዛ ደግሞ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ጎኑን ያንብብ፤ የአራት አኃዝ ቁጥር አለ፣ 2318 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ የአሥራ ሁለት ዓመት ጎማ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ደረቅ ላስቲክ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦ «ታዲያ ለምን ይገዛል?» የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው። ቤቱም ሥራውም አስፋልት ላይ የሆነ፣ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ሰው ሃርድ ቶፕ አያስፈልገውም። በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ የሚያናውጥ፣ ለጎረቤት የሚጨስ መኪና ነው። የከተማ አየርም የሚበላሸው በእንዲህ ያሉ ሞተሮች መሆኑን መካድ አልችልም፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን ክረምት ላይ መንገዱ ወደሚጠፋበት ወረዳ ክትባት፣ ዘር፣ ወላድ ሴት የሚያደርስ ሌላ መኪና ገና አልመጣም፣ እስኪመጣ ድረስም ያሉት መቆየት አለባቸው። በሥራው ምክንያት ለሚገዛው የምመክረው አንድ ነገር ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሻጩ አይስጡ። ከአራት አንዱን እጅ አስቀርተው ቀሪው የማይገዛውን መኪና ይተዉት፣ አነስ ያለውን ይግዙ። ያ አንድ አራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ያልቃል፤ የሚያልቀውም ሌሎች ቆጥበው ለተዉት ነው።

የእኔው መኪና ዛሬ ቴርሞስታት አለው፣ ክዳኑ አዲስ ነው፣ ከባሌስትራው ሁለቱን ቅጠል አስወጥቻለሁ፣ ዓባይንም ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ሳይፈላ ወጥቷል። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። ምን መቼ እንደተቀየረ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ኦሪጅናል ይሁን የታይዋን፣ ያልተሠራውም ምን እንደሆነ ተጽፎበታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የኋላ ፍሬን ዘንግ ገና አልተስተካከለችም» ይላል፣ በሚቀጥለው ወር ጋሼ ያዩታል። መኪና የምትሸጡ አንባቢዎች፣ እንዲህ ያለ ደብተር ካላችሁ ከሊብሬው ጋር አስረክቡ፤ ከሌላችሁ ደግሞ ያወጣችሁትንና ያልመለሳችሁትን ዕቃ ቢያንስ በአፍ ንገሩ።